ስለ አምፕሊፋየርና ስለ ስፒከር አቻ ጋብቻ

(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ)

የአገራችን ሰው ልጁን ሊድር ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ አቻ ጋብቻ ይፈልጋል፤ ጠባይ ይጠይቃል፥ ዘር ይቆጥራል፥ ሽማግሌ ይልካል። ገበሬውም በሬ ሲጠምድ እንዲሁ ነው። አንዱ በሬ ብርቱ ሁለተኛው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ቀንበሩ ይጋደላል፥ ትልሙ ይጣመማል፥ ደካማውም በሬ የቀኑ እኩሌታ ሳይደርስ ይተኛል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ግን ለመኪናው የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ ከሱቅ በር ሲቆም ጥንቃቄውን ሁሉ ይረሳና፥ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቼም፥ የኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ የመኪና አምፕሊፋየር መመረጥ ያለበት ከስፒከሩ በኋላ፥ በስፒከሩም ልክ ነው። ይህንንም ልክ ለማወቅ የሚያስፈልገው ትምህርት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሳይሆን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ተጽፎልን ለፈተና ሸምድደነው የረሳነው ነው።

ይህን ስጽፍ እንደ ሊቅ ለማስተማር ሳይሆን እንዳጠፋ ሰው ለመናዘዝ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ጥፋቴን ከነዝርዝሩ ልናገር። አጎቴ በአዲስ አበባ ከተማ ሚኒባስ ታክሲ እየነዳ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ባለፈው ክረምት የመኪናውን ቴፕ ሊያሳድስ አሰበና «ና፥ አብረን እንግዛ፤ አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ» ብሎ መርካቶ ይዞኝ ሄደ። በኪሱ የነበረው ገንዘብ ለኋላ ጎማዎች መግዣ ያጠራቀመው ነበረ። እኔም በሱቁ ውስጥ ከተደረደሩት ካርቶኖች መካከል «2000 ዋት» የሚለውን አይቼ «ጋሼ፥ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ይህን ግዛ» አልሁት። ሻጩም ለዚሁ ይስማማሉ ብሎ እያንዳንዳቸው «1200 ዋት» የተጻፈባቸውን ሁለት ሳብዎፈሮች ጨመረልን። በዚያኑ ዕለት ማታ ተገጠመ።

የመጀመሪያው ቀን የደስታ ቀን ነበረ። በሁለተኛው ቀን አምፕሊፋየሩ እንደ ምጣድ ጋለና ቀይ መብራት አብርቶ ድምፁ ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፤ ሲግል ይጠፋል። የገጠመልን ሰው ቢጠራ፥ መድኃኒት ነው ብሎ ከጎኑ ያለችውን አንዲት ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞራት። በሳምንቱ ከአንደኛው ሳብዎፈር የተቃጠለ ሽታ ወጣና ለዘለዓለም ዝም አለ። ደግሞም በአንድ ማለዳ አጎቴ ተራ ሲጠብቅ፥ ሞተሩን አጥፍቶ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቶ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው አልነሣም አለው። ብዙ ተሳፋሪ የሚገኝበት የጧቱ ሰዓት መኪና በመግፋት አለቀ። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ «ምን ታደርግ፥ ልጅ ነህ» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበረ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ተረት ለኔ የተነገረ መሰለኝ።

የነገሩን ሥር ያሳዩን አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። አምፕሊፋየሩን ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፥ ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ የፊውዙን ቁጥር አንብብልኝ» አሉኝ። ሁለት ፊውዞች ነበሩ፤ በያንዳንዳቸውም ላይ 15 ተጽፏል።

«ሁለቱ ሲደመሩ ስንት አምፔር ይሆናሉ?» አሉኝ።

«ሠላሳ ይሆናሉ፥ አባባ።»

«ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ ስንት ቮልት ነው?»

«ወደ ዐሥራ አራት ግድም ነው።»

«እንግዲያስ አባዛው።»

አባዛሁት፤ 420 ዋት ሆነ። «እንዲህ ያለው ዕቃ ከገባለት ከመቶ ስድሳውን ያህል ለስፒከሩ ቢያደርስ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘለቄታ ያለው ኀይሉ ወደ 250 ዋት ነው» አሉና ሣቅ ብለው «420 ኪሎ እህል አስገብተህ 2000 ኪሎ ዱቄት የሚያወጣ ወፍጮ አይተህ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ በዐሥረኛ ክፍል ኀይል ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ መሆኑን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሆኖም ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ይህ ትምህርት ከቶ ትዝ አላለኝም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልበል። በቋንቋችን «የድምፅ ማጉያ» የምንለው ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ነው። አንደኛው ከቴፑ የመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ከባትሪው ኀይል እየወሰደ የሚያበረታው አምፕሊፋየር ነው። ሁለተኛው ይህን ብርቱ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ጥቅል ሽቦውንና ወረቀቱን እያርገበገበ አየሩን የሚያናውጠው ስፒከር ነው። ከስፒከሮችም ወገን ዝቅተኛውንና ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ የተሠራው ትልቁ ሳብዎፈር ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ የአንደኛው ቁጥር ለሌላው የሚያገለግል እየመሰለ ብዙ ሰው ይሳሳታልና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለየብቻ እጠራቸዋለሁ።

አንደኛው መታወቅ ያለበት ነገር ዋት ነው። በካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋት ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ዕቃው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የተገመተ ከፍተኛ ቁጥር ሲሆን፥ ሁለተኛው ሳያቋርጥ ሊሰጠው ወይም ሊሸከመው የሚችለው፥ «አር ኤም ኤስ» በሚል ምልክት የሚጻፈው ነው። አንድ ተሸካሚ ለአፍታ ያህል ኩንታል ከመሬት ቢያነሣ፥ ኩንታል ተሸክሞ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ ይሄዳል ማለት አይደለም። እኛ ልንገዛ የሚገባን መንገዱን የሚዘልቀውን ጉልበት ነው።

ይህ ማታለያ በርካሽ ዕቃ ላይ ብቻ የሚገኝ አይምሰላችሁ። በብዙ የመኪና ቴፖች ፊት ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሕፈት ይታያል። ይህ 50 ከየት እንደ መጣ እናስላ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሲበዛ 14.4 ቮልት ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለስፒከሩ 4 ኦም ብናካፍለው 51.8 ይሆናል። እንግዲህ ቁጥሩ የተገኘው ቴፑ ያለውን ቮልት ሁሉ ያለ ማወላወል ለስፒከሩ እንደሚሰጥ ተቆጥሮ ነው። በውነተኛው ሙዚቃ ግን ማዕበሉ ይወጣል ይወርዳል፤ ንጹሕ ማዕበል ከዚያው ቮልት ሊያገኝ የሚችለው የዚህን እኩሌታ፥ ማለት 26 ዋት ያህል ነው። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስለት ደግሞ ለያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ዋት ግድም ይሆናል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የሒሳብ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን ገዢው የሚፈልገውን ነገር አይነግረውም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የተፈለገው በውጭ አገርም ነው። በአሜሪካ አገር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ የጋራ መለኪያ አወጣ፤ ዛሬ «ሲ ቲ ኤ 2006» ይባላል። በዚህ ደንብ የሚለካ አምፕሊፋየር በ14.4 ቮልት፥ በ4 ኦም ስፒከር፥ የድምፁም መዛባት ከመቶ አንድ ሳይበልጥ የሚሰጠው ዋት ይመዘገባል። ይህ ምልክት በካርቶኑ ላይ ሲገኝ ቁጥሩን ማመን ይቻላል። ምልክቱ በሌለ ጊዜ ግን የአዛውንቱን ዘዴ እንያዝ፤ የፊውዙን አምፔር በ14 አባዝቶ፥ «ኤ ቢ» ለሚባለው የአሠራር ዐይነት ከመቶ ስድሳውን፥ ኀይል ለሚቆጥበው «ዲ» ለሚባለው ዐይነት ከመቶ ሰማንያውን መውሰድ ነው። ግምት ቢሆንም ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኦም ነው። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቮልትን፥ የአምፔርንና የመከላከልን ዝምድና ገለጸ፤ ስሙም የመከላከል መለኪያ ሆኖ ቀረ። የመኪና ስፒከር ብዙ ጊዜ 4 ኦም ነው፤ 2 ኦም የሆነም አለ፤ ለቤት የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ 8 ኦም ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ብዙ አምፔር እንዲያፈስ ይገደዳል። ለምሳሌ 20 ቮልት የሚሰጥ አምፕሊፋየር በ4 ኦም 5 አምፔር ሲያፈስ 100 ዋት ይሆናል፤ በ2 ኦም ግን 10 አምፔር አፍስሶ 200 ዋት ይሆናል። ይህ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቃው ለዚያ ካልተሠራ ትርፉ ሙቀት ነው።

የኛ ጥፋት በግልጽ የታየኝ በዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሳብዎፈሮች እያንዳንዳቸው 4 ኦም ነበሩ። ሁለት እኩል ስፒከሮች ጎን ለጎን፥ ማለት ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ሲያያዙ ኦማቸው በእኩሌታ ይወርዳል፤ እንግዲህ 2 ኦም ሆኑ። ተከታትለው፥ አንዱ ከሌላው ጅራት ላይ ቢያያዙ ኖሮ ተደምረው 8 ኦም በሆኑ ነበር። የአምፕሊፋየሩ መምሪያ ወረቀት ግን ሁለቱ መስመሮቹ ተጣምረው እንደ አንድ ሲሠሩ ከ4 ኦም በታች እንዳይያዝበት ያዛል። ይህ ወረቀት ሳይነበብ በካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ቀዩ መብራት የሚበራው ዕቃው ራሱን ከመቃጠል ሲያድን ነው፤ እኛ ግን እንደ ተበላሸ ቆጠርነው። ከዚያ ወዲህ መልቲሜትር ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ተውሼ ስለካ፥ 4 ኦም የሚባለው ስፒከር በመለኪያው ላይ ከ3 ኦም ተኩል አካባቢ እንደሚያሳይ አየሁ፤ መለኪያው የሽቦውን መከላከል ብቻ ስለሚያነብ ይህ የተለመደ ነው። እንዲሁም ሁለት ጥቅል ሽቦ ያላቸው ሳብዎፈሮች አሉና፥ 4 እና 4 የሆነው እንደ አያያዙ 2 ወይም 8 ኦም ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፥ ብዙ ሰው የማይጠይቀው፥ ነገር ግን ገንዘብ የሚያድነው ቁጥር የስፒከሩ ምላሽ ሰጭነት ነው። ይህም በ1 ዋት ኀይል በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጽ ነው። የዋቱ ኀይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» ብሎ እንዲፈርድ ግን 10 ዴሲቤል ያህል፥ ማለት ዐሥር እጥፍ ኀይል ያስፈልጋል። ስለዚህ 90 ዴሲቤል የተጻፈበት ስፒከር በ100 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፥ 87 ዴሲቤል የተጻፈበት ለመስጠት 200 ዋት ይፈልጋል። ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ የተሻለ ስፒከር መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ከ200 ዋት ወደ 250 ዋት ለመዝለል ብዙ ብር የሚከፍል ሰው፥ ጭማሪውን በጆሮው ለይቶ ለመስማት እንኳ ይቸግረዋል።

አራተኛው ነገር «ጌይን» የምትባለው ማስተካከያ ናት። ገጣሚው እስከ መጨረሻው ያዞራት ይህችኑ ነበረች። ብዙዎቻችን የድምፅ መጨመሪያ ትመስለናለች፤ ሥራዋ ግን ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ጋር ማስማማት ነው። ከልክ በላይ ስትዞር አምፕሊፋየሩ ሊሰጥ የማይችለውን ሲጠየቅ የማዕበሉ ጫፍና ግርጌ ይቆረጣል፤ ክብ የነበረው ማዕበል አራት ማዕዘን ይሆናል። አራት ማዕዘን የሆነ ማዕበል ደግሞ ጫፉ እኩል ከሆነው ንጹሕ ማዕበል እጥፍ ኀይል አለው። ስለዚህ 50 ዋት የሚባለው አምፕሊፋየር ያለ ልክ ሲጨነቅ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በስፒከሩ ሽቦ ላይ ሊያፈስ ይችላል። «ደካማ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል» የሚባለው ወሬ ሥሩ ይህ ነው፤ ድካሙ ብቻውን ማንንም አያቃጥልም፥ የሚያቃጥለው ከአቅም በላይ ማስጮህ ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር መቀነስ ከጥገና ሁሉ ይረክሳል።

አምስተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20000 ሄርትዝ ይሰማል ይባላል፤ ይህን ሁሉ አንድ ስፒከር በሚገባ ሊወጣው አይችልም። የከበሮው ጉምታና የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር፥ እርሱም እስከ 41 ሄርትዝ የሚወርደው፥ የሳብዎፈሩ ድርሻ ነው። የማሲንቆው ጩኸትና የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ በበሩ ላይ ያሉት የትንንሾቹ ድርሻ ነው። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው «ክሮስኦቨር» በ80 ሄርትዝ አካባቢ ቢቆም ከዚያ በታች ያለው ወደ ትልቁ፥ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ትንንሾቹ ይሄዳል። ትንንሾቹ የማይችሉትን ሸክም ከተገላገሉ በዚያው ኀይል ጥርት ብለው ይሰማሉ። በኛ መኪና ይህ ክፍፍል ስላልነበረ ማሲንቆው ሁሉ በጉምታው ተውጦ ነበር።

ስድስተኛው ሽቦውና ባትሪው ነው። በዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ አደጋው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ለሚፈሰው አምፔር የሚበቃ ውፍረት ሊኖረው፥ ከባትሪውም አጠገብ፥ ከግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ሊደረግበት ይገባል። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር ተፋቅፎ ቢነካካ እሳት እንዳይነሣ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ሚስማር ወይም ሽቦ የሚተካ ሰው መኪናውን ከነተሳፋሪው እያስያዘ መሆኑን ይወቅ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለም 20 አምፔር የሚስብ ዕቃ፥ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ መኪናው አልነሣም የሚለው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ሰዎች ቃል ላንሣ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ሻጩ ያውቃል፤ ገጣሚም አለ፤ እኛ ምን አገባን?» ይላሉ። ከሻጮችና ከገጣሚዎች መካከል ጠንቅቀው የሚያውቁ መኖራቸውን አልክድም፤ አዛውንቱ ምስክሬ ናቸው። ነገር ግን የሻጭ ሥራ መሸጥ ነው፤ ዕቃው ሲቃጠል ሁለተኛ የሚገዛው ያው ገዢ ነው። የማይጠይቅ ገዢ ባለበት ገበያ ትልቅ ቁጥር የሚጽፍ ፋብሪካ ይበለጽጋል፥ እውነተኛ ቁጥር የሚጽፈው ይከስራል። ስለዚህ የቁጥሩን ውሸት ከሚያሳድጉት መካከል እኛም አለንበት።

ከወላጆች ወገን ደግሞ «ይህ ሁሉ ለጩኸት ነው፤ ጩኸት ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉ አሉ። ለነዚህ የምሰጠው መልስ ግማሽ በግማሽ ነው። ሙዚቃ ለነጂና ለመንገደኛ መዝናኛ ነው፤ ረጅሙን የሰልፍና የመንገድ መጨናነቅ ሰዓት ያቀላል። ስለ ጩኸቱ ግን እውነት አላቸው። በአሜሪካ አገር የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚያጠናው ብሔራዊ ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፥ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ሊቆይ የሚገባው ከ85 ዴሲቤል በማይበልጥ ድምፅ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በእኩሌታ ይቀንሳል፤ በ88 አራት ሰዓት፥ በ91 ሁለት ሰዓት፥ በ94 አንድ ሰዓት፥ በ100 ዴሲቤል ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ተሳፋሪው በሩብ ሰዓት ይወርዳል፤ ነጂውና ረዳቱ ግን ከማለዳ እስከ ምሽት እዚያው ናቸው። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ረቂቅ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ለተቃጠለ ሳብዎፈር መለዋወጫ አለው፤ ለጆሮ ግን ከየትኛው ተራ ይገዛል?

ይህን ሳስብ አንድ ቀን የሆነው ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ሳብዎፈሮች ሲጮኹ በነበረበት በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው ተሳፈሩ። ሕፃኑ ደንግጦ ሲያለቅስ እናቲቱ «ልጄ፥ ቀንስልኝ እባክህ» ብለው አጎቴን ቢለምኑት ድምፃቸው አልተሰማም። ከመድረሻቸው በፊት ወረዱ፤ ሒሳባቸውንም ከፍለው ነው የወረዱት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበርና አይቻለሁ፤ ግን በ2000 ዋቱ ስለ ተኩራራሁ ዝም አልሁ።

አሁን ደግሞ መጨረሻው እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ። አጎቴ ሌላ የሚበልጥ አምፕሊፋየር ሊገዛ ብድር ሲያስብ፥ አዛውንቱ «አሁን ያለህን አቻውን ፈልግለት እንጂ» ብለው ከለከሉት። የተቃጠለው ሳብዎፈር ወጣ። የተረፈው አንዱ 4 ኦም ስለ ሆነ አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው ልክ ጋር ተስማማ። በመምሪያው ወረቀት ላይ የሳብዎፈሩ አር ኤም ኤስ 300 ዋት ይላል፤ የአምፕሊፋየሩ ደግሞ 250 ያህል ነው፤ እነሆ አቻ ጋብቻ። ጌይኑ ወረደ፥ ክሮስኦቨሩ በ80 ሄርትዝ ቆመ፥ ቀጭኑ ሽቦ በወፍራም ተለወጠ፥ ከባትሪውም አጠገብ ፊውዝ ተደረገ። ከሽቦውና ከፊውዙ በቀር አንድም ዕቃ አልተገዛም። ቀዩ መብራት ከዚያ ወዲህ አልበራም። አጎቴ ሲሰማው ዝም ብሎ ቆየና «ማሲንቆ ነበረበት ለካ!» አለ። የኋላ ጎማዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጡም፤ በዝናብ ቀን እርሱ ሲነዳ የእናቴን ፊት ማየት አልችልም። የኔ ዕውቀት ማጣት የሰውን ደኅንነት ድረስ እንደ ደረሰ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ወይም ዘመዶቻችሁ ምክር ሲጠይቋችሁ ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ስፒከሩን ምረጡ፤ ዴሲቤሉን፥ ኦሙንና አር ኤም ኤሱን ጻፉ። ቀጥሎ ስፒከሮቹ ሲያያዙ ድምር ኦማቸው ስንት እንደሚሆን አስሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ኦም ላይ፥ ለስፒከሩ አር ኤም ኤስ የቀረበ ኀይል የሚሰጥ አምፕሊፋየር ፈልጉ፤ ጥቂት ቢያንስ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ጌይኑን የሚያስተውል ሰው ካለ ጉዳት የለውም። በመጨረሻ የመኪናው ባትሪና ዳይናሞ ያን መሸከም መቻላቸውን ጠይቁ። ይህ ሁሉ አንድ ወረቀት፥ አንድ እርሳስና ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር በትሕትና ለመለመን እወዳለሁ። የኦም ሕግ ሲያስተምሩን፥ ከመጽሐፉ ምሳሌ ሌላ አንድ አሮጌ የመኪና ስፒከርና አንድ መልቲሜትር በጠረጴዛው ላይ ቢያኖሩልን፥ ሁለቱን ስፒከሮች አንድ ጊዜ ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ተከታትለው አያይዘን በእጃችን ብንለካ፥ ትምህርቱ ከፈተና በኋላም ከኛ ጋር በቀረ ነበር። የተቃጠለውን ሳብዎፈር ለዚሁ ሥራ እንዲሆን አጎቴ ለትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሰጥቷል። የጠቆረው ጥቅል ሽቦ ከውስጡ ይታያል። እኔ እንደ ሸመደድሁት ሸምድዶ ወደ መርካቶ የሚወርድ ተማሪ ካለ፥ ከመሄዱ በፊት ገባ ብሎ ይየው።